የጋሽ ጀማል ዣንጥላ

ባለፈው ሳምንት የመኪናዬ ሸራ ተቀዶ ሀርጌሳ ውስጥ 31 ሜይ የሚባል ሰፈር ወዳለ አንድ ሸራ ሰፊ ወሰድኩት። ሰውየው የተቀደደውን ጫፍ በመቀስ አስተካከለና፣ ክሩ እንዳይተረተር ላይተር ለኩሶ ዳርዳሩን አቀለጠው። ናይለን ሲቃጠል የሚወጣው ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። «ራቅ በይ፣ ያስልሻል» አለኝ በሶማሊኛ። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ሳብኩት። የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ጋሽ ጀማል ከእኛ ጋር በኖረበት የነፋስ ወቅት፣ ልብሴም ፀጉሬም ይህንን ነበር የሚሸተው።

ያኔ የምንኖረው 26 ጁን የሚባለው ሰፈር ውስጥ ነበር። አባዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል፣ እማዬ ገበያ ውስጥ ድሪያ ቀሚስ ትሸጣለች። ሁለቱም የኮምቦልቻ ልጆች ናቸው። ጋሽ ጀማል ግን የድሬዳዋ ሰው ነው። አባዬ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ወንበር ሲሰፋ አገኘውና፣ አማርኛውን ሲሰማ ጊዜ ወዲያው ወዳጅ አደረገው። ከግቢያችን በመንገዱ በኩል ያለችው ክፍል ባዶ ስለነበረች እዚያ ገባ። ይዞት የመጣው ዕቃ ሁለት ብቻ ነው፦ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናና ቁልፍ ያለው አረንጓዴ የብረት ሣጥን።

ግራ እግሩ ጉልበቱ ላይ አይታጠፍም። ሲቀመጥ እንደ ጣውላ ወደ ፊት ይዘረጋዋል፤ እኛ ልጆች በላዩ እየዘለልን እናልፋለን፣ እሱም አይቆጣም። እማዬ «ጋሽ ጀማልን አንቱ በሉ» ብላ አዝዛን ነበር። እሱ ግን የመጀመሪያው ቀን «አቦ! አንቱ ካላችሁኝማ አርጅቻለሁ ማለት ነው» አለና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ዝም ብዬ ተቀምጬ የማየው ጨርቅ ሲያጥፍ ነው። የሚሰፋው የጭነት መኪና ሸራ፣ የሱቅ ጥላ፣ የሠርግ ድንኳን ነበር። ሲጨርስ መሬት ላይ ዘርግቶ፣ በክንዱ አየሩን ገፍቶ ያወጣና፣ እጥፋቱን በእጁ ጀርባ ደጋግሞ ይዳብሰዋል። የዳቦ ፌስታል እንኳ ሳያጥፍ አያስቀምጥም። «ተቻኩለሽ ያጠፍሽው ጨርቅ ቂም ይይዛል» ይለኝ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበረው። ጠዋት ጠዋት ከበሩ ወጥቶ ከመሬት አቧራ ቆንጥሮ ያነሣል፤ እጁን ከፍ አድርጎ ይለቀውና ወዴት እንደሚሄድ ዓይኑን ጨፈን ከፈት እያደረገ ይከተለዋል። እኔ ድብቅ ዱዓ መሰለኝ። እናም ማንም በሌለበት ቢስሚላህ ብዬ አቧራ በተንኩ። ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ሶማሌዎቹ ሐጋ የሚሉት ደረቅ ነፋስ በጀመረበት ሰሞን ነው ነገሩ የመጣው። አክስት ለማለት ኤዶ የምንላት ጎረቤታችን ሰህራ እኛ ቤት ተቀምጣ ከእማዬ ጋር ስታወራ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ።

«ያ ሽማግሌ እግሩ ምን ሆኖ ነው?» አለች ኤዶ ሰህራ።

«ከገደል ዘሎ ነው አሉ» አለች እማዬ።

«ወድቆ ነው እንጂ።»

«ምን ወድቆ! ራሱ ሄዶ፣ አፋፉ ላይ ቆሞ፣ ቢስሚላህ ብሎ ዘለለ። ደግሞ አንዴ እንዳይመስልሽ፣ ሦስቴ ነው።»

«አዑዙ ቢላህ!»

«ዣንጥላውን እስከ ዛሬ ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ነው የሚኖረው» ብላ እማዬ ሳቀች።

ስለ ዣንጥላው ምንም አልገባኝም። እኔ የማውቀው ዣንጥላ አሮጊቶች ለፀሐይ የሚይዙትን ነው፤ እሱን ደግሞ ማን ይቆልፍበታል? የገባኝ ገደሉ ነው። ምክንያቱም በዚያው ሳምንት ቁርአን ቤት ውስጥ መዓሊሙ፣ ራሱን ከተራራ የጣለ ሰው በአኺራም ሲወድቅ፣ ሲወድቅ እንደሚኖር ነግረውን ነበር። አጠገቤ ያለችው ልጅ «መሬት አይደርስም?» ብላ ስትጠይቅ «አይደርስም» አሉ። ጋሽ ጀማል ደግሞ ሦስት ጊዜ ነው። ማታ ተኝቼ ሦስቱን አወዳደቅ በየተራ አየሁት፤ ያ የማይታጠፍ እግሩ ወደ ፊት እንደተዘረጋ።

በማግስቱ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ገደል ትወዳለህ?»

የስፌት መኪናውን አቆመ። «በጣም እንጂ!»

«አሁንም?»

«አሁንማ የት ይገኛል? ሀርጌሳ ሜዳ ናት።» በመስኮቱ በኩል ከከተማው ዳር ያሉትን ሁለቱን መንትያ ኮረብታዎች አየና ራሱን ነቀነቀ። «እነዚያ አጭር ናቸው፣ አይበቁም።»

ለካ አስቦበታል፣ ለክቷቸዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠባቂው ሆንኩ። ከየሶላቱ በኋላ ለእሱ ዱዓ አደርጋለሁ። የግቢውን መሰላል ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ደበቅኩት፤ አባዬ ሙሉ ቀን ሲፈልገው ዋለ። ረጅሙን ገመዱንም ፍራሼ ሥር ከተትኩና ሌሊቱን ሙሉ ጎኔን ሲቆረቁረኝ አደረ።

ያልጠበቅኩት ነገር ቢኖር የሐጂ ዩሱፍ ፎቅ ነው። ሐጂ ዩሱፍ በሰፈራችን ዋና መንገድ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ሱቅ እያሠሩ ነበር። ልጅነታቸውን ጅግጅጋ ስላሳለፉ አማርኛ ያውቃሉ፤ ለፎቁ ፊት ለፊት ሙሉ የጥላ ሸራ እንዲሠራላቸው ጋሽ ጀማልን አዘዙት። ከመጣ ጀምሮ ያገኘው ትልቁ ሥራ ነው። ለእኔ ማን ይነግረኛል?

ከዓሥር ሶላት በኋላ እማዬ ሳሙና ልካኝ በዚያ ሳልፍ ቀና አልኩ። ጋሽ ጀማል ጣሪያው ጫፍ ላይ ቆሟል። ነፋሱ ሸሚዙን ነፍቶታል። ከኪሱ አቧራ አውጥቶ ለቀቀ፣ አየው፣ ከዚያም ደህናውን እግሩን ግንቡ ላይ አድርጎ ወደ ታች ጎንበስ አለ።

«ሊዘል ነው! ሊሞት ነው! ድረሱለት!» ብዬ በአማርኛም በሶማሊኛም ጮኽኩ። እንደዚያን ቀን ጮኼ አላውቅም።

መንገዱ በአንዴ በሰው ሞላ። ከከተማው ዳር፣ ከአያሃ ሰፈር እየተመላለሰ እዚያው ሲሚንቶ የሚያቦካ ሊባን የሚባል ጎረምሳ ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለ ወጣና ጋሽ ጀማልን ከኋላው አቅፎ ያዘው። «እየለካሁ ነው! ልቀቀኝ፣ እየለካሁ ነው!» ይላል ጋሽ ጀማል። ሊባን አማርኛ አያውቅም። እየጎተተ አወረደው። ኮፍያው ወልቆ ነፋሱ ወሰደው፤ የመለኪያ ሜትሩ ከኪሱ ተንጠልጥሎ በየደረጃው ቀጭ ቀጭ እያለ ተከተለው። ሰው ሁሉ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ይላል። ያኔ ኤዶ ሰህራ ከሕዝቡ መሃል ወጥታ «ዱሮም ልማዱ ነው፤ ሦስት ጊዜ ሞክሯል» አለች። ነገሩ ያለቀው እዚያ ላይ ነው።

ጋሽ ጀማል ያለ ኮፍያው ሕዝቡ መሃል ቆሞ ዙሪያውን አየና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። የጮኽኩት እኔ መሆኔን አወቀ።

ሐጂ ዩሱፍ ሥራውን አስቆሙት። «እኔ ቤት ላይ ነፍስ እንዲጠፋ አልፈልግም፤ አላህ ያሽርህ» ብለው ሸኙት። በማግስቱ መዓሊሙ መጥተው አንድ ሰዓት ሙሉ መከሩት። ከዚያ በኋላ ሰው ሲያገኘው በሽተኛ በሚያናግሩበት ለስላሳ ድምፅ ነው ሰላም የሚለው። ሥራ የሚያመጣም ጠፋ። በሦስተኛው ቀን አባዬን «ወደ ድሬ ልመለስ ነው» ሲለው ሰማሁ።

ያን ጊዜ አስመለሰኝ። እማዬ ግንባሬን ዳብሳ «ምን በላሽ?» ስትለኝ ሁሉንም ነገርኳት፦ መጋረጃውን፣ ገደሉን፣ ሦስቱን አወዳደቅ፣ ከፍራሹ ሥር ያለውን ገመድ። እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አለች። «የዚህች የኔ ምላስ ነው።»

ጠዋት እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ጋሽ ጀማል ሸራዎቹን በጆንያ እየከተተ ነበር። እማዬ ይቅርታ ጠየቀችው።

«ለምን ጮኽሽ?» አለኝ።

«ጀሀነም እንዳትገባ ብዬ።»

እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ያልቅስ ይሳቅ አላወቅኩም። ከዚያ ከአንገቱ ቁልፍ አወጣና አረንጓዴውን ሣጥን ከፈተው። ውስጡ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ነበር። ጎተተው። ጨርቁ ይመጣል፣ ይመጣል፣ አያልቅም፤ ክፍሏን ሞልቶ እማዬን ጉልበቷ ድረስ ዋጣት። ከጨርቁ ዳር ብዙ ቀጫጭን ገመዶች ተንጠልጥለዋል።

«ዣንጥላው ይኸውልሽ» አለ። «ፓራሹት ይሉታል። እኔ ለመሞት አልዘለልኩም፤ ለመውረድ ነው።»

ጋሽ ጀማል አየር ወለድ ወታደር ነበር፤ የእሱ ሥራ ለጓደኞቹ ፓራሹት ማጠፍ ነው። ከውትድርና ሲወጣ በቀለ ከሚባል ጓደኛው ጋር አንድ ሐሳብ ያዛቸው፦ ለመዝለል አውሮፕላን የግድ ነው እንዴ? ገደል አለ። ከሐረር በታች አንድ ቀጥ ያለ ገደል መረጡ። ያረጀ ፓራሹት አግኝተው ጋሽ ጀማል ቶሎ እንዲከፈት አድርጎ ቀደደና መልሶ ሰፋው።

«ከአውሮፕላን ስትዘይ ጊዜ አለሽ» አለን። «ከገደል ግን እስከ አራት ቆጥረሽ ካልተከፈተ አበቃ። መጀመሪያ አሸዋ የሞላ ጆንያ አሥረን ወረወርን። ጆንያው ፈረጠ። እንደገና ሰፋሁት፣ እንደገና ወረወርን። ጆንያው ደህና መውረድ ሲለምድ እኔ ወረድኩ።»

ዛሬ ስልኬ ላይ ከገደልና ከፎቅ በፓራሹት የሚዘሉ ወጣቶች አያለሁ። ስፖርት ሆኗል፣ ስም ወጥቶለታል፤ የራስ ቁር፣ ካሜራ፣ ልዩ ጫማ አለው። ጋሽ ጀማልና በቀለ ግን ያንን የሚያደርግ ሌላ ሰው በዓለም ላይ ይኑር አይኑር አያውቁም ነበር። የሚጠይቁት ቀዳሚ በአካባቢያቸው አልነበረም። ስም እንኳ አላወጡለትም፤ «መውረድ» ነበር የሚሉት።

«እግርህስ?» አልኩት።

«ሁለቴ በሰላም ወረድኩና ልቤ አበጠ። በሦስተኛው ቀን በቀለ አቧራ በትኖ አየና ‹ዛሬ አይሆንም፣ ነፋሱ ወደ ገደሉ ነው የሚመልሰው› አለኝ። አልሰማሁትም። ዘለልኩ፤ ነፋሱ መልሶ ከድንጋዩ ጋር አላተመኝ። በቀለ በእግሩ ዞሮ ወርዶ ግማሽ ቀን በጀርባው ተሸከመኝ። አንድም ቀን ‹ነግሬህ ነበር› አላለኝም። ያ ነው ከእግሬ ይልቅ የሚያመኝ።»

ከዚያ በኋላ አልዘለለም። በቀለ ደግሞ በሕመም ሞተ፤ ፓራሹቱ ለጋሽ ጀማል ቀረ።

በዚያው ቀን፣ ማንም ሳይልከኝ፣ ሐጂ ዩሱፍ ጋ ሄድኩ። ከፎቁ ሥር ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ የገደሉንና የፓራሹቱንም ታሪክ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ከገደል በጨርቅ ወርዶ የተረፈ ሰው?» አሉ በአማርኛ። «አንቺ ልጅ፣ ማነው እንዲህ በይ ያለሽ?»

«ማንም። ወላሂ ጨርቁን አይቼዋለሁ፣ ቤት ይሞላል።»

ጢማቸውን ዳበሱ። «እንግዲያው ያሳየኝ። ባየው አምናለሁ።»

መልእክቱን ሳደርስ ጋሽ ጀማል ተቆጣ። «እኔ የገበያ መዝናኛ ነኝ እንዴ?» ብሎ በሩን ዘጋ። በማግስቱ ግን ሳልነቃ በመስኮት ጠራኝ። «ነይ፣ ዓይንሽ ደህና ነው። የኔ ደክሟል።»

ዘጠኝ ቀን ሠራን። በግቢው ላይ ገመድ ወጥረን ጨርቁን ሰቀልነውና እኔ ከሥሩ ገብቼ ቀና ብዬ አያለሁ። ከውስጥ ሁሉም ነገር ነጭ ነው፤ የእማዬ ድምፅ እንኳ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ፀሐይ በጭላንጭል ከገባች እዚያ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ጣቴን አሾልካለሁ፤ እሱ በውጭ በኩል ጣቴን ይዞ «አገኘሁት» ይላል። ከዚያ ልጣፉን ቆርጦ፣ ጫፉን በእሳት አቅልጦ ይሰፋዋል። ገመዶቹን አንድ በአንድ በጣቶቻችን መሃል አሳለፍን። እማዬ ምሳ ስታመጣ ሽታው ያስነጥሳታል፤ እኛ ለምደነዋል። ማጠፉን ግን ለብቻው አደረገው። እኔ አጠገቡ ትንፋሼን ውጬ ቆምኩ።

ዓርብ ከዓሥር ሶላት በኋላ፣ ሶማሌዎቹ ቶግ በሚሉት ደረቅ ወንዝ ውስጥ ሰው ተሰበሰበ። ሐጂ ዩሱፍ ፒካፓቸውን ይዘው መጡ፤ መኪናው በረጅም ገመድ ሲጎትተው ጋሽ ጀማል ከመሬት ይነሣል፣ ሐሳቡ ያ ነው። መዓሊሙም አሉ፣ ኤዶ ሰህራም፣ ሊባንም። ጋሽ ጀማል አቧራ ቆንጥሮ ለቀቀ። አቧራው ሽክርክር ብሎ ወደ ራሱ ተመለሰ። ሁለተኛ ለቀቀ። ሦስተኛ ለቀቀ።

«ዛሬ አይሆንም» አለና ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ።

ሰው ጉድ አለ። ሊባን «መጀመሪያም ያለው ተራ ጨርቅ ነው» ብሎ ሲስቅ ሌሎቹም ሳቁ። እፍረት ፊቴን አቃጠለኝ፤ «ጋሼ፣ ትንሽ እንኳ» ብዬ እጅጌውን ያዝኩ። እጄን ቀስ ብሎ አስለቀቀኝና «በቀለ እዚህ ቢኖር ዛሬ ደስ ይለው ነበር» አለኝ። እየተሳቀበት፣ እግሩን እየጎተተ ቤቱ ገባ።

በሳምንቱ የመጣው ሰው ግማሽ ነበር። ነፋሱ ግን ከምሥራቅ ቀጥ ብሎ ይነፍሳል፤ አቧራው ከእጁ ሲወጣ እንደ ክር ተዘረጋ። ጋሽ ጀማል ማሠሪያውን ታጠቀ።

«ኧረ ጋሽ ጀማል፣ ይቅርብህ! እግርህ!» አለች እማዬ።

«እሱማ ዱሮውንም ተሰብሯል!»

«እኔስ?» አልኩት። «እኔንም ያንሣኝ።»

«ማሠሪያው ይሰፋሻል፤ ሾልከሽ ትወድቂያለሽ። ያኔ ደግሞ እኔ ልጮኽ ነው።»

ሊባንና ሌላ ልጅ የጨርቁን አፍ ከፍተው ያዙ። ነፋሱ ገባበት። ጨርቁ አንዴ ተንፈራገጠ፣ ከዚያ ቧ! ብሎ ሲከፈት ሊባንን በአፍንጫው አሸዋው ላይ ደፋው። ሐጂ ዩሱፍ መኪናውን ቀስ ብለው አንቀሳቀሱ። ጋሽ ጀማል ሦስት እርምጃ አነከሰ፤ በአራተኛው እርምጃ እግሩ መሬት አላገኘም።

ተነሣ። የሰው ቁመት፣ የሁለት ሰው፣ የሐጂን የፎቅ ጣሪያ ያህል። ከበላዩ ነጩ ጨርቅ በልጣፍ ተሞልቶ ሲነፋ እያንዳንዱን ልጣፍ አውቀዋለሁ። አንድም አልተቀደደም። የሚሰማው የመኪናው ድምፅና የጨርቁ መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። የደረቀው እግሩና ደህናው እግሩ አየር ላይ እኩል ተንጠልጥለዋል፤ የትኛው የታመመው እንደሆነ መለየት አቃተኝ። መዓሊሙን አየኋቸው። አፋቸውን ከፍተው፣ እጃቸውን ለዱዓ እንደሚያነሡት አንሥተው ወደ ላይ ያያሉ።

ሐጂ ዩሱፍ ፍጥነቱን ሲቀንሱ ገመዶቹን ሳብ ሳብ እያደረገ ወረደ። አሸዋው ላይ በጎኑ ተንከባለለና ተቀመጠ። ሮጬ ደረስኩ። ፊቱ በአቧራና በእንባ ተለውሷል።

«አመመህ?»

«አላመመኝም» አለ። ትንፋሹን ሰበሰበ። «ሃያ ስምንት ዓመት ሆነኝ እኮ።»

ሊባን ከአፍንጫው አሸዋ እያራገፈ መጣና፣ እጁን ስሞ ደግፎ አስነሣው። ኤዶ ሰህራ «ልማዱ ነው አላልኳችሁም?» አለች፤ በዚህኛው ጊዜ ግን በኩራት ነው። ሐጂ ዩሱፍ ከመኪናው ወርደው ለረጅም ጊዜ ጨርቁን በእጃቸው ሲዳብሱ ቆዩና «ይህን የሰፋ ሰው የኔን ጥላ ይሥራ» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ጀማል ፎቁ ላይ ወጣ። ከሥር የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበን «ዝለል ጋሼ! ዝለል!» እያልን እንለምነዋለን፤ መንገደኛው ግራ ገብቶት ይቆማል። እሱ ጆሮም አልሰጠን። ግንቡ ላይ ጎንበስ ብሎ ከልጆቹ መሃል እኔን ፈለገኝ።

«አንቺ፣ ያዥልኝ!» አለና የሜትሩን ጫፍ ወደ ታች ለቀቀልኝ።

ሁለት እጄን ዘርግቼ ያዝኩት።